የባለፊሽካው ዳሌ

የሲስተር ሥራ ሰው መጠየቅ ነበር። ያረጀ ዳሌያቸው ወይም ጉልበታቸው ወጥቶ በምትኩ ብረትና ፕላስቲክ የተገጠመላቸው ሰዎች ጋ ስልክ እየደወለች፣ ደረጃ ይወጣሉ ወይ፣ ካልሲዎን ራስዎ ያጠልቃሉ ወይ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል ወይ ትላለች። የሚመልሱላትን ኮምፒውተሩ ላይ ትሞላለች፤ አመስግና ትዘጋለች፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር ታልፋለች። በአገሪቱ ውስጥ መገጣጠሚያ የሚቀይር ሆስፒታል ሁሉ ለማን፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደገጠመ እሷ ለምትሠራበት መዝገብ ቤት ያሳውቃል። መዝገቡም ያን ሰው እስከ ዕድሜው ማብቂያ ይከተለዋል። አንድ ሐኪም የሚያየው የራሱን በሽተኞች ነው። የሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጦ የትኛው ዕቃ እንደጸና፣ የትኛው ያለ ጊዜው እንደላላ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

በፊት የአጥንት ክፍል ነርስ ነበረች። በሽተኛ በማንሳትና በማገላበጥ ብዛት ወገቧ እምቢ ሲላት ወደዚህ አዛወሯት። «ሲስተር» የሚለው ስም ግን አብሯት መጣ፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ መዝገቡን እስከሚመሩት ፕሮፌሰር በሌላ የሚጠራት የለም። ክፍሉ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለ፣ መስኮቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው የጀርባ ግድግዳ የሚያይ፣ በልኳ የተሠራ የሚመስል ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ አለው። በአንዱ እሷ፣ በሌላው ቁጥሩን የሚያሰላው ወጣት ይቀመጣሉ። ሒሳበኛው ጨዋ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ የሚያወጣው ለምሳ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ውለው የሚለዋወጡት ቃል «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ነው፤ በመሐሉ ያለው የቁጥር ነው።

ቤትም ያው ነው። አላገባችም። እናቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ሄደ፤ እናቷም ሄደች። ሲስተር ይህን ለማንም አታማርርም። ሆድ ይፍጀው ብላ የተወችው ነገር ነው።

በዚህ ሥራ ላይ መጀመሪያ የገረማት አንድ ነገር ነበር። የአንድ ሰው ፋይል የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ የተገጠመው ዕቃ ተበላሽቶ ይወጣል፣ ወይ ሰውየው ይሞታል። ሰውየው የሞተው ዳሌው ደህና ሆኖ ከሆነ፣ መዝገቡ ዕቃው እንዳልከሸፈ ይቆጥረዋል። አንድ ጊዜ የሟች ሚስት ስልኩን አንስታ፣ «እሱስ አርፏል እህቴ፤ ግን ስለ እግሩ ከሆነ የጠየቅሽው፣ እግሩ እስከ መጨረሻው እንደ ፈረስ ነበር» አለቻት። ሲስተር አመስግና ዘጋች። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት የማጠቢያውን ግድግዳ ብዙ አየችው።

ባለፊሽካው ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለችው ዳሌያቸው በተቀየረ በሦስተኛው ወር ነው።

«ማን ልበል?» አለ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ።

«ከመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ነው፣ አባባ። ስለ ዳሌዎ ልጠይቅዎ ነበር።»

«ስለ ዳሌዬ? በዚህ ዕድሜዬ ስለ ዳሌዬ የምትጠይቅ ሴት ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር!»

ሲስተር ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ እንግዳ ሆኖበት ሒሳበኛው ማዳመጫውን አውጥቶ አያት።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ፊሽካ ሲነፉ ኖረዋል፤ ሰፈሩም ባለፊሽካው እያለ ይጠራቸዋል። ዳሌያቸውን የበላውም ያ መቆም ነው ይላሉ። መንገዳቸው ላይ የትራፊክ መብራት የተተከለ ጊዜ «በቃ ሂዱ» ተብለው ቤት ገብተው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ተበላሸና እንደገና ተጠሩ። «መብራት ምን ያደርጋል ልጄ» አሉ፣ «ቢጠፋም አያፍር!»

ጥያቄዎቹንም እንደዚሁ ነበር የሚመልሱት።

«ደረጃ ይወጣሉ?»

«እንደ ሚዳቋ!»

«ካልሲ ለማጥለቅ ይቸገራሉ?»

«ካልሲውንም፣ ጫማውንም፣ ካስፈለገም የጎረቤቴን ጫማ!»

«ሕመምስ አባባ?»

«የምን ሕመም አመጣሽ!»

ሙሉ ነጥብ ሞላችላቸው። ልትዘጋ ስትል፣ «አንቺስ፣ ምሳ በላሽ?» አሉ። ሰዓቱ ወደ ማታ ተጠግቶ ነበር። ምሳ አልበላችም። አለመብላቷንም ያወቀችው ያኔ ነው።

በደንቡ መሠረት የሚደወለው በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር፣ ዓመት ሲሞላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ሲስተር ግን «አንድ ጥያቄ ረስቼ ነበር አባባ» ማለት ለመደች። የረሳችው ጥያቄ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የባለፊሽካውን ስልክ የቀኑ መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች፤ ልጅ ሥጋውን ለመጨረሻ ጉርሻ እንደሚያስቀምጠው። እሳቸው ስለ ሟች ሚስታቸው ያወሯታል፣ ስለ ሹፌሮች ያወሯታል፣ ከመስኮታቸው ስለሚታየው ነገር ሁሉ ያወሯታል። እሷ ብዙ አታወራም። ማዳመጡ ይበቃታል።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ፣ «እንደው ሕመም አለኝ የሚልሽን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ወደ ሆስፒታሉ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ የሚከታተሉት እዚያ ያሉት ናቸው፤ እኔ አልደውልለትም።»

«አሃ» አሉ ባለፊሽካው። ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ጀመሩ።

አራተኛው ዓመት ላይ ሒሳበኛው አንድ ጠዋት ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ «ሲስተር፣ እስቲ እዚህ ነይ» አላት።

ስክሪኑ ላይ ብዙ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ዓይነት የዳሌ ኩባያ ነው፤ የጭኑ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት፣ ዳሌው ላይ የሚገጠመው ጎድጓዳ ዕቃ። ሌሎቹ ቀስ እያሉ ነው ዝቅ የሚሉት። አንዷ ግን ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ከጓደኞቿ ተለይታ ቁልቁል ትወርዳለች።

«ይቺ ምን ሆና ነው?» አለች።

«እየላላች ነው። የተገጠመችለት ሰው እየተመለሰ እንደገና ይቀደዳል። አንድ ሆስፒታል ብቻ ቢሆን የሐኪሙ እጅ ነው እንል ነበር። ግን ሁሉም ጋ ነው። እያንዳንዳቸው ግን የሚያዩት ሁለት ሦስት ሰው ስለሆነ አንዳቸውም አላወቁም።»

ፕሮፌሰሩ ተጠሩ። ቁጥሩን ደጋግመው አስፈተሹ፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ያ ኩባያ እንዳይገጠም ለሆስፒታሎቹ ሁሉ ተነገረ። የተገጠመላቸውም ሰዎች ራጅ እንዲነሱ ተወሰነ። የሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር ለሲስተር ሲሰጣት ባለፊሽካው አሉበት።

«እኚህ ሰው ምንም የላቸውም እኮ» አለች ለሒሳበኛው። «በየዓመቱ ሙሉ ነጥብ ነው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል? ለማረጋገጥ ያህል ይነሱ።»

ደወለች። ባለፊሽካው ሳቁባት። «ራጅ? እኔን ነው ወይስ ጎረቤቴን?» አልለመነችም አይባልም፣ ለመነቻቸው። እሺ አሉ። በቀጠሮው ቀን ግን አልመጡም። ሌላ ቀን ቀጠረችላቸው፤ አሁንም አልመጡም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ስልኩ አይጠራም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም አይጠራም። ሲስተር መዝገቡ ፋይል የሚዘጋባቸውን ሁለት መንገዶች ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት አድራሻቸውን ይዛ ሄደች።

ሊፍት የሌለው፣ ቀለሙ የተላጠ ሕንፃ ነው። ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ረጅም ገመድ ወርዶ ጫፉ ላይ ትንሽ ዘንቢል ተንጠልጥሏል። ከታች በር ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?»

«ጡረተኛውን ትራፊክ።»

«ባለፊሽካውን? ይሄው ዘንቢላቸው!» አለች ሰፊዋ በአገጯ ወደ ገመዱ እያመለከተች። «እግራቸው መሬት ከረገጠ ቆየ እኮ። ዳቦና ወተቱን እኔ ነኝ የምከትላቸው፤ እሳቸው ጎትተው ከላይ ይመርቁኛል። ዶክተር ቤት እንውሰድዎ ብንል እንደ ሕፃን ነው የሚቆጡን። ስልካቸውም ወድቆ ተሰብሮባቸዋል፤ አሠሩልኝ እንኳ አላሉም።»

ሲስተር ደረጃውን ወጣች። አንኳኳች። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ይጎተታል። በሩ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ቆየች። የከፈቱት ሰው ከድምፃቸው በጣም ያነሱ ነበሩ። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንድ እግራቸውን ከወለሉ ከፍ አድርገው ቆመዋል።

«ደህና አደሩ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ኧረ! ድምፅሽ እግር አብቅሎ መጣ?» አሉ።

ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ዕቃው ሁሉ ግን ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቧል፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ውኃ፣ ሁሉም ከአንድ ወንበር እጅ የሚደርስበት ነው። ነርስ ነበረችና ምንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቢሆንም ጠየቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና ጀምሮ… ከዚያም በፊት።»

«በየጊዜው ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም? እንደ ሚዳቋ ነኝ ይሉኝ አልነበር?»

ባለፊሽካው ጉልበታቸውን አሻሹ። «አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ያመመው ሰው ይተላለፋል፣ ከዚያ በኋላ አልደውልለትም አልሽኝ።»

ሲስተር፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?» አለች። ልትቆጣ ነበር የፈለገችው፤ የወጣው ግን ቁጣ አልነበረም።

«ሰምቻለሁ። ዳሌዬንስ ሐኪም ያድነዋል እንበል። ስልኩ ዝም ሲል ማን ያድነኛል? ሰውዬው ዳሌው ቢያመው ዘንቢል ሰቅሎ ይኖራል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። የሽማግሌ ሐሳብ ነው እንግዲህ።»

አንጀቷን በሏት። ከዚያም በላይ ደግሞ ሌላ ነገር ከበዳት። በስልክ እያወሩ ከወንበር ሲነሱ ትንፋሻቸው ቆረጥ ሲል ትሰማ ነበር። ስንት ዓመት የአጥንት ሕመምተኛ ያስታመመች ሰው ያን ድምፅ አታጣውም። ሰምታው ነበር። እንደ ሚዳቋ ሲሏት ግን ሙሉ ነጥብ ሞልታ ወሬውን ቀጠለች፤ እሷም እንዲተላለፉባት አልፈለገችም።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጎረምሶች ከጎረቤት ጠርታ፣ በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። ባለፊሽካው ደረጃውን ሁሉ «በቀኝ ያዝ! ቀስ! አቁም!» እያሉ እንደ መንገዳቸው መሩት። ራጁ ላይ ኩባያው ዘንበል ብሎ፣ ዙሪያው ያለው አጥንት ተበልቶ ታየ። ቶሎ መቀየር አለበት ተባለ።

«አስታማሚ ማነው?» አለች የክፍሉ ነርስ።

ባለፊሽካው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ሲስተር።

«ምናቸው ነሽ?»

ባለፊሽካው ቀደሟት፤ «የስልክ ዘመዴ ናት» አሉ።

ያን ቀንና በማግስቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ሰው አልነካችም ነበር፤ ትራስ ስታስተካክልላቸው፣ ጀርባቸውን ስትደግፍ እጇ የድሮ ሥራውን አስታወሰ። ዘመድ እንደሌላቸው ነበር የምታውቀው። ቀዶ ጥገናው ሲቃረብ ግን ፈሩና፣ ሌላ ከተማ የምትኖር የሟች እህታቸው ልጅ እንዳለች አወጡ። ልጆች አሏት፣ ሥራ አላት፣ ምን አስቸግራታለሁ ብለው ነው ያልነገሯት። ሲስተር የልጅቷን ስልክ ቁጥር ተቀብላ ደወለች። ይህን ስልክ ባትደውል ኖሮ እስከ መጨረሻው አስታማሚያቸው እሷ እንደምትሆን ታውቅ ነበር። ደወለች።

የእህታቸው ልጅ በማግስቱ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ገና ከበሩ፣ «አጎቴ! ሰው የለህም እንዴ አንተ? እኔ ሞቻለሁ?» እያለች አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ግንባራቸውን ሳመች፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ባለፊሽካው እንደ ተያዘ ሹፌር አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ሲስተር ከወንበሩ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀች። አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ። ባለፊሽካው ምርኩዝ ይዘው ኮሪደሩን መሄድ በጀመሩበት ሰሞን ሲስተር ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«የእኚህ ሰው መልሶች እውነት አይደሉም» አለች። «ከመዝገቡ ይውጡ። ዋሹኝ፤ እኔም አላጣራሁም።» ለምን እንደዋሹም ነገረቻቸው።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሟት። ክፉ ሰው አይደሉም። «ይወጣል» አሉ። «ሌላ ምን አለ?»

«ጥያቄዎቹ ላይ አንድ ብንጨምር ብዬ ነው። ብቻዎን ነው ወይ የሚኖሩት የሚል።»

«ብቻዬን ነኝ ቢሉሽስ፣ ሲስተር?» አሉ ቀስ ብለው። «ዳሌው ላላ ካሉሽ ሐኪም አለን። ብቻዬን ነኝ ላለሽ ሰው ማን አለን? ጠይቀን ዝም ልንል ነው?»

ሲስተር ወደ በሩ ዞረች።

«ደግሞ ከእንግዲህ ለእሳቸው አንቺ አትደውይላቸውም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዘመድ ዘመዱን አይመዘግብም። ሒሳበኛው ልጅ ይደውል።»

«ዘመድ አይደለሁም እኮ» ልትል ፈልጋ ተወችው።

የእህታቸው ልጅ አጎቷን ወደ ቤቷ ይዛ ስትሄድ ሲስተር እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። «ትመጫለሽ አይደል?» አሉ ባለፊሽካው በመስኮቱ እጇን ይዘው። «እመጣለሁ» አለች። ከተማው ሩቅ ነው። መኪናው ሲነሣ ሽማግሌው ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ እጃቸውን አውጥተው ከኋላ የሚመጣውን መኪና አስቆሙ፤ ሹፌሩም ቆመላቸው።

ሦስት ወር ሲሞላ ሒሳበኛው ማዳመጫውን አውጥቶ ቁጥሩን ደወለ። ሲስተር የምትሠራ መስላ አንዲቱን መስመር ደጋግማ አነበበች። የምትሰማው ቃል የልጁ ብቻ ነበር።

«ደረጃ ይወጣሉ?… ያስቸግርዎታል። እሺ… ካልሲ?… ልጆቹ ናቸው የሚያጠልቁልዎ… ሕመምስ?… ጠዋት ጠዋት። ጥሩ፣ እጽፈዋለሁ… አይ፣ እርስዎ ዝም ብለው እውነቱን ይንገሩኝ።»

በስልኩ ውስጥ የልጆች ጩኸት እስከ እሷ ጠረጴዛ ድረስ ይመጣ ነበር። ሒሳበኛው ዘጋ።

«ሰላም በልልኝ ብለዋል።»

«ሌላ አላሉም?»

«ቸኩለው ነበር። ልጆቹ ውጭ እንውጣ ብለው እየጎተቷቸው ነው መሰለኝ።»

«ጎሽ» አለች ሲስተር። ደስ ብሏት ነበር፤ ከልቧ። ዘመድ ከዘመዱ ይባላል፤ የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ ሳትለው ተወችው። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። የማጠቢያው እንፋሎት ገባ፤ ዘጋችው።

ስትቀመጥ ሒሳበኛው ገና ማዳመጫውን አልሰካም። ገመዱን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ሲስተር።»

«አቤት።»

«እናቴ ጉልበቷን ልትቀየር ነው። ቁጥሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ከመቶው ይህን ያህሉ ደህና ይሆናል ብዬ። ቁጥር ስነግራት ይበልጥ ፈራች። እሁድ መጥተሽ ብታነጋግሪልኝ ብዬ ነበር። ካልተቸገርሽ።»

በአንድ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጠው እናት እንዳለው አታውቅም ነበር።

«እመጣለሁ» አለች። «ቤታችሁ ወዴት ነው?»

ነገራት። አመሰገናትና ማዳመጫውን መልሶ ሰካ። ሲስተር የሚቀጥለውን ቁጥር አወጣች፤ ዓመት የሞላው ጉልበት ነው። ገና ማክሰኞ ነበር፤ እሁድ ሩቅ ነው።